ጠመንጃውን «በቃ» የሚለው ማን ነው?

በ1954 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ኮልፌ ባለው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ግቢ ውስጥ አንድ ቁመተ ሎጋ የውጭ አገር ሰው ተኩስ ይለማመድ ነበር። አርባዎቹን የጀመረ ጠበቃ ነው። ኢላማ ይተኩሳል፣ ስለ ፈንጂ ይማራል፣ ዕቃ ተሸክሞ ረጅም መንገድ ይጓዛል። የሚጓዝበት ሰነድ ዴቪድ ሞትሳማዪ ይለዋል። እውነተኛ ስሙ ኔልሰን ማንዴላ ነው።

ማንዴላን ስለ ጦር ሳይንስ ካስተማሯቸው አንዱ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ነበሩ። ሥልጠናው ስድስት ወር እንዲቆይ ታስቦ ነበር። ግን ከአገር ቤት «ቶሎ ተመለስ» የሚል መልእክት መጣና ተቋረጠ። ሲሰናበቱ ኮሎኔሉ ሽጉጥና ሁለት መቶ ጥይት በስጦታ ሰጧቸው።

እዚህ ድረስ ጥሩ ታሪክ ነው። ብዙዎቻችን በኩራት የምንተርከውም ይህንኑ ነው። ግን አንድ ነገር አለ።

ኮሎኔሉ ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት ሌላ ሥራ ላይ ነበሩ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል ሳሉ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ ክብር ዘበኛን ይዘው መንግሥት ለመገልበጥ ተነሱ። ኮሎኔል ታደሰ ሙከራውን ካከሸፉት መኮንኖች አንዱ ናቸው። ይህን ማንዴላም ያውቁ ነበር፤ የሕይወት ታሪካቸው ውስጥ ጽፈውታል።

እስቲ ነገሩን ጎን ለጎን እናስቀምጠው። ከተማው አንድ ነው። መንግሥቱ አንድ ነው። መኮንኑም አንድ ነው። በፕሪቶሪያ መንግሥት ላይ መሣሪያ የሚያነሳ ሰው ሥልጠናና ሽጉጥ ይሰጠዋል። በአዲስ አበባው ላይ ያነሳው ጄኔራል መንግሥቱ ግን በስቅላት ተቀጥቷል።

መጀመሪያ ይህን ሳስብ ወደ አፌ የመጣው ቃል «ግብዝነት» ነበር። አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተውኩትም። ግን ቆይቼ ሳየው ጥያቄው ከዚያ ይሰፋል። ምናልባት በሁለቱ አመፆች መካከል እውነተኛ ልዩነት ይኖር ይሆን? ካለስ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? በግፈኛ ገዥ ላይ በኃይል መነሳት ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ ወይ? ሰዎች ለብዙ መቶ ዓመታት የተከራከሩበት ጉዳይ ነው። እኔ ደግሞ ሆን ብዬ የቆየ ምሳሌ ይዤ መጥቻለሁ። የዛሬውን ካነሳን ሁላችንም ወዲያው ጠበቃ እንሆናለን፤ ዳኛ የሚሆን አይገኝም።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላል የአገራችን ሰው። ብዙ ጊዜ ይህን ተረት የምንሰማው ለመታዘዝ ማስተማሪያ ሆኖ ነው። ግን ቃሉን በደንብ እንየው። ንጉሥ አይበድልም አላለም። አይከሰስም ነው ያለው። ይበድላል፣ ግን የምትከሰው ፍርድ ቤት የለም ማለት ነው። የ1948ቱ ሕገ መንግሥትም ያንኑ በሕግ ቋንቋ ጽፎታል። የንጉሠ ነገሥቱ አካል የተቀደሰ ነው፣ ክብራቸው የማይደፈር ነው፣ ሥልጣናቸውም የማይገሰስ ነው ይላል።

ታዲያ የማይከሰስ ሰው ቢበድልህ የት ትሄዳለህ? የድሮ ሰው መልስ ነበረው፦ ዱር። «ዱር ቤቴ» ይልና ይሸፍታል። እኛ አገር ሽፍታ ማለት ሁልጊዜ ተራ ዘራፊ ማለት አይደለም። ሹም የበደለው፣ ርስቱን የተነጠቀ፣ ፍርድ ያጣ ሰውም ይሸፍታል። የቋራው ካሳ ሸፍተው ነው በ1847 ዓ.ም. ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት። እዚህ ላይ ግን አንድ ችግር አለ። የሸፈተ ሰው ትክክል መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው በምክንያቱ አልነበረም፤ በውጤቱ ነበር። ከተሸነፈ ወንበዴ ነው። ካሸነፈ ቅባ ቅዱስ ይቀባል። ይህ ታሪክን ለመተረክ ይበቃ ይሆናል። ትክክልና ስህተትን ለመለየት ግን አይበቃም።

ተረቱና ሽፍትነቱ የአንድ ሳንቲም ሁለት ገጽ ናቸው። ፍርድ ቤት ሲዘጋ ዱሩ ይከፈታል። የሚገርመው፣ የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1948 ያጸደቀው የሰብዓዊ መብቶች ሁለንተናዊ መግለጫ መግቢያ ላይም ያለው ሐሳብ ይኸው ነው። ሰው ከጭቆና ለመውጣት እንደ መጨረሻ አማራጭ ወደ አመፅ እንዳይገፋ ከተፈለገ መብቱ በሕግ የበላይነት መጠበቅ አለበት ይላል። አመፅን መብት ነው ብሎ አላወጀም። አመፅ ከየት እንደሚመጣ ነው የተናገረው።

ፈላስፎቹ ምን አሉ? ሦስቱን ብቻ ላንሳ፤ ለኛ ጉዳይ ይበቃሉ።

በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ቶማስ አኩዊናስ፣ የካቶሊክ መነኩሴ ነው። አመፅ ኃጢአት ነው ይላል። ግን ወዲያው አንድ ነገር ይጨምራል። ለራሱ ጥቅም ብቻ የሚገዛ ግፈኛን ማስወገድ አመፅ አይባልም፤ እንዲያውም ሕዝቡን የሚያባላው አመፀኛ ራሱ ግፈኛው ነው። ከዚያ ደግሞ ልጓም ያስገባል። እሱን ለማስወገድ ሲባል የሚመጣው ጥፋት ከእሱ ግፍ የሚብስ ከሆነ ግን አይፈቀድም። የኛ ሰው «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ሲል ያው የዚህ ስጋት ዘመድ ነው።

እንግሊዛዊው ጆን ሎክ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነገሩን በውል መልክ አየው። ገዥ ሥልጣን የያዘው በአደራ ነው። አደራውን ከበላ፣ ሕዝቡን ወደ ጦርነት ያስገባው እሱ ነው እንጂ የሚከላከለው ሕዝብ አይደለም። «ታዲያ ሰው በትንሽ በትልቁ አይነሳም ወይ?» ለሚሉት ሎክ መልስ አለው። ሰው እኮ ታጋሽ ነው፤ አንድ ሁለት በደል ቢያይ አይነሳም፤ የሚነሳው በደሉ ሰንሰለት ሲሆን ነው። እኔ እዚህ ላይ ከሎክ ጋር ነኝ። በአምባገነን ሥር የኖረ ሕዝብ ሲነሳ ካየሁት ይልቅ ሲችል ያየሁት ይበዛል።

ጀርመናዊው አማኑኤል ካንት ግን እምቢ አለ። የማመፅ መብት የሚባል ነገር የለም ባይ ነው። ጥያቄው ቀላል ነው፦ በገዥውና በሕዝቡ መካከል ማን ይፍረድ? ሕዝቡ ከሳሽም ዳኛም ከሆነ ሕግ የሚባል ነገር አበቃ። ደግነቱ ካንት ሰው ነውና፣ የፈረንሳይን አብዮት በሩቅ ሆኖ ሲከታተል ደስ ይለው ነበር። ይህን ቅራኔ ብዙ ሰው ይስቅበታል። እኔ ግን የካንት ጥያቄ ከመልሱ የሚበልጥ ይመስለኛል። ማን ይፍረድ የሚለውን ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ከእነዚህና ከሌሎች ክርክሮች ተጨምቆ የወጣ፣ ዛሬም ሊቃውንት የሚጠቀሙበት የጥያቄዎች ስብስብ አለ። መነሻው ፍትሐዊ ጦርነት የሚባለው አስተሳሰብ ነው። በደሉ እውነትም ከባድ ነው? ሌላ መንገድ ሁሉ ተሞክሯል? የሚመጣው ጥፋት ከሚወገደው አይበልጥም? የማሸነፍ ተስፋ አለ? በማን ስም ነው የምትነሳው? በምን ዓይነት መንገድ ነው የምትዋጋው? ስንቆጥራቸው ቀላል ይመስላሉ። መሬት ላይ ሲወርዱ ነው የሚያስቸግሩት። ስለዚህ ወደ ደቡብ አፍሪካ እንሂድ።

በደሉ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። አፓርታይድ ሰውን በቆዳ ቀለሙ ከድምፅ፣ ከመሬትና ከመንቀሳቀስ መብት ያገለለ ሥርዓት ነው። ይህ ያከራክራል የሚል ሰው ካለ ከእሱ ጋር ቡና ባልጠጣ ይሻለኛል።

የሚያከራክረው «የመጨረሻ አማራጭ» የሚለው ነው። የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው። የመጀመሪያዎቹ መሪዎቹ ቄሶች፣ መምህራንና ጠበቆች ነበሩ። አቤቱታ ጻፉ። ለንደን ድረስ መልእክተኛ ላኩ። እ.ኤ.አ. በ1952 ግፈኛ ሕጎችን ሆን ብሎ በሰላም የመጣስ ዘመቻ ጀመሩ፤ ከ8,000 በላይ ሰው ታሰረ። መንግሥት ሕጉን አጠበቀው። በ1956 ደግሞ 156 ሰዎች በአገር ክህደት ተከሰሱ። ክሱ ለዓመታት ከተጓተተ በኋላ አንዳቸውም ጥፋተኛ አልተባሉም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 21፣ 1960 ላይ በሻርፕቪል የመታወቂያ ሕጉን የተቃወመ ሰልፈኛ ላይ ፖሊስ ተኩሶ 69 ሰው ገደለ። ብዙዎቹ የተመቱት ጀርባቸውን ነው፤ እየሸሹ ነበር ማለት ነው። በሳምንታት ውስጥ ድርጅቱ ታገደ። በቀጣዩ ዓመት የተጠራውን ከሥራ የመቅረት አድማ መንግሥት ወታደር አሰማርቶ ጠበቀው።

ሃምሳ ዓመት ሊሞላ ነው እንግዲህ።

«የመጨረሻ አማራጭ» ሲባል ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ቃሉን ቃል በቃል ከወሰድነው መቼም አይደረስበትም። ሁልጊዜ አንድ ተጨማሪ አቤቱታ መጻፍ ይቻላል። ሁልጊዜ «ትንሽ እንጠብቅ» የሚል ይገኛል፣ በተለይ በደሉ ያልነካው ሰው። ስለዚህ ቁም ነገሩ ስንት ጊዜ ሞከርክ የሚለው አይመስለኝም። በሩን የዘጋው ማን ነው የሚለው ነው። በደቡብ አፍሪካ ሰዎቹ በር ባንኳኩ ቁጥር መንግሥት ያንኑ በር በሕግ ይቆልፈው ነበር። አቤቱታን ናቀ፣ ሰልፍን በጥይት መለሰ፣ ድርጅትን አገደ። ሌላው መንገድ እንደተዘጋ የሚመሰክረው የገዥው የራሱ አዋጅ ነው።

አሁን ወደ እኛው ታኅሣሥ እንመለስና እናነጻጽር። ግርማሜ ንዋይም በሩን አንኳኩቷል። ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ነው። ወላይታ አውራጃ ተሹሞ በሄደበት መሬት ለሌላቸው መሬት ለመስጠት ሞከረ፤ ከቦታው አነሱት። ጅጅጋ ላኩት፤ እዚያም ከላይ ያሉት እጁን ያዙት። ከውስጥ ሆኖ ማሻሻል እንደማይቻል በራሱ ላይ አይቶታል። ስለዚህ «እነ መንግሥቱ ምክንያት አልነበራቸውም» የሚለውን አልቀበልም። የአገሪቱን ኋላ ቀርነት አንስተው የተናገሩት ሐሰት አልነበረም። አዲስ ነፃ የወጡ የአፍሪካ አገሮች ጥለውን እየሄዱ ነው ማለታቸውም ሰው ልብ ገብቷል፤ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ተማሪዎች ደግፈው ሰልፍ ወጥተዋል።

የጎደላቸው ሌላ ነው። በር ሲዘጋ ያየው ግርማሜ ነው እንጂ ሕዝቡ አብሮት አላንኳኳም። ገበሬው፣ ነጋዴው፣ ቄሱ፣ ሌላው ጦር ሠራዊት ነገሩን የሰማው በሬዲዮ ነው። በማን ስም ነው የምትነሱት ቢባሉ በሕዝብ ስም ይላሉ። ሕዝቡ ግን አልተጠየቀም። ማንዴላና ጓደኞቻቸው ይህ ጥያቄ ሲመጣባቸው የሚያሳዩት ግማሽ ምዕተ ዓመት የሞላው ድርጅት፣ ጉባኤ፣ አባል፣ የታሰረና የተገረፈ ሰው ነበራቸው። ለማንዴላ ሥልጠና፣ ለጄኔራል መንግሥቱ ስቅላት የሆነበት ነገር ግብዝነት ብቻ አይደለም የምለው በዚህ ምክንያት ነው። ልዩነት አለ። ንጉሠ ነገሥቱ ያን ልዩነት አስበውበት ነው ወይ ካላችሁኝ፣ እሱን አልምልም።

አሁን ወደ መንገዱ። ማንዴላ የኃይል እርምጃን በአራት ከፍለው ነበር ያዩት፦ አሻጥር ማለትም ንብረት ማውደም፣ የሽምቅ ውጊያ፣ ሽብር፣ ግልጽ አብዮት። ከአሻጥር እንጀምር አሉ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 16፣ 1961 ኡምኮንቶ ዌ ሲዝዌ፣ ትርጉሙ የሕዝብ ጦር (የሚወረወረው ጦር) የሆነው የድርጅቱ የታጠቀ ክንፍ፣ የመጀመሪያ ፈንጂዎቹን አፈነዳ። ኢላማዎቹ የመንግሥት ቢሮዎችና የኤሌክትሪክ መስመሮች ነበሩ። ሰው እንዳይጎዳ መመሪያ ነበር። በኋላ በተከሰሱበት የሪቮኒያ ችሎት ማንዴላ ምክንያቱን አስረድተዋል። የሰው ሕይወት ካልጠፋ ነገ ጥቁሩና ነጩ አብረው የሚኖሩበት ዕድል አይበላሽም ነው ነገሩ። በሌላ አነጋገር፣ ገና ፈንጂ ሲያጠምዱ ስለ እርቅ እያሰቡ ነበር። እኔን ከዚህ ታሪክ ሁሉ የሚገርመኝ ይህ ነው።

ለዚያውም ሁሉም አልተስማማም። የድርጅቱ ፕሬዚዳንት አልበርት ሉቱሊ የኖቤል የሰላም ሽልማትን ኦስሎ ላይ የተቀበሉት ፈንጂዎቹ ከመፈንዳታቸው ስድስት ቀን በፊት ነበር። ሉቱሊ በሰላማዊ ትግል የሚያምኑ ክርስቲያን ናቸው። ጥያቄው የአንድን ድርጅት አመራር እንኳ ከሁለት ከፍሎ ነበር። በቤተሰብ ገበታ ላይ ቢከፍለን አይግረመን።

መመሪያውስ ተከብሮ ኖረ? አልኖረም። እ.ኤ.አ. ግንቦት 20፣ 1983 ፕሪቶሪያ ውስጥ ቸርች ስትሪት በሚባለው መንገድ ከአየር ኃይሉ ዋና መምሪያ አጠገብ መኪና ላይ የተጠመደ ፈንጂ፣ ሰው ከሥራ በሚወጣበት ሰዓት ፈነዳ። 19 ሰው ሞተ። ከ200 በላይ ቆሰለ። ከሟቾቹ መካከል መንገደኛ ሲቪሎች ነበሩ፣ ጥቁሮችም ጭምር። አንጎላ ባሉት የድርጅቱ ካምፖች ደግሞ ሰላይ ናችሁ የተባሉ የራሱ ታጋዮች ተሰቃይተዋል። ምክንያቱ በ1961 ትክክል ነበር፤ በ1983ም ትክክል ነው። አፓርታይድ አልተሻለም። ታዲያ የፈነዳው ፈንጂ በምክንያቱ ትክክለኛነት ይጸድቃል?

አይጸድቅም። ብዙ ክርክር የሚበላሸው ሁለት ነገሮችን አንድ ስናደርግ ነው። የተነሳህበት ምክንያት አንድ ጥያቄ ነው። እጅህ የሠራው ሌላ ጥያቄ ነው። ለመጀመሪያው «አዎ» ብዬ ለሁለተኛው «አይደለም» ልል እችላለሁ። ይህን ስል መሐል ሰፋሪ እባል ይሆናል፤ ግድ የለም። በታኅሣሥ ግርግርም ያው ነው። ሙከራው መክሸፉ ሲታወቅ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ታግተው የነበሩ መኳንንትና ሚኒስትሮች ተረሸኑ። አሥራ አምስት ያህል ሰዎች ሞቱ። ራስ አበበ አረጋይ ከነሱ አንዱ ናቸው፤ በአምስቱ ዓመት የጣሊያን ወረራ ስመ ጥር አርበኛ የነበሩ። ሽንፈት ከታወቀ በኋላ እጁ ላይ ያለን ሰው መግደል የትኛውን በደል ያቃልላል?

ከዚህ ቀጥሎ «ይሠራል ወይ?» የሚል ተግባራዊ ጥያቄ ይመጣል። ኤሪካ ቼኖዌትና ማሪያ ስቴፈን የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1900 እስከ 2006 የተካሄዱ 323 ዘመቻዎችን ቆጥረው ነበር። መሣሪያ ካልያዙት 53 በመቶ ያህሉ ግባቸውን መትተዋል። ከታጠቁት 26 በመቶ ያህሉ ብቻ። ዋናው ማስረጃቸው የሰው ብዛት ነው። ጫካ የሚገባው ጎረምሳ ነው። ሱቅ መዝጋት፣ ሥራ መቅረት፣ ግብር አለመክፈል ግን እናትም አሮጊትም የቢሮ ጸሐፊም ይችላሉ። የወታደሩ እናት ሰልፍ ላይ ካለች ወታደሩ ሲተኩስ እጁ ይንቀጠቀጣል።

ቁጥሩን ግን እንደ ማህተም አትምቱት። ሰው መሣሪያ የሚያነሳው ብዙ ጊዜ ነገሩ አስቀድሞ ሲብስበት ነው። ስለዚህ የታጠቀው ትግል የሚጀምረው ከከፋ ቦታ ነው ብለው የሚከራከሩ አሉ፤ ነጥብ አላቸው። ደቡብ አፍሪካ ራሷ ግን ለተመራማሪዎቹ ታደላለች። ኡምኮንቶ የአፓርታይድን ጦር በውጊያ አላሸነፈም፤ ወደዚያም አልተጠጋም። ሥርዓቱን ያናጋው የሠራተኛው አድማ፣ የሰፈሩ ሕዝብ ቦይኮት፣ የውጭው ማዕቀብ፣ የሌላው ዓለም ለውጥ አንድ ላይ ነው። የታጠቀው ክንፍ ጥቅም በአብዛኛው ልብ ላይ ነበር ብል ብዙ አልሳሳትም። ተስፋ የቆረጠ ወጣት «የሚዋጋልን አለ» ይል ነበር።

ያዙልኝ ወዳልኩት ወደ ካንት ጥያቄ ልመለስ። ማን ይፍረድ? እኔ ትንሽ ጠምዘዝ አድርጌ እጠይቀዋለሁ፦ ጠመንጃውን «በቃ» ሊለው የሚችለው ማን ነው?

በደቡብ አፍሪካ መልስ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1985 ፕሬዚዳንት ቦታ ማንዴላን «የኃይል እርምጃን ካወገዝክ ልፍታህ» ሲሏቸው እምቢ አሉ፤ እስር ላይ ያለ ሰው አይዋዋልም ብለው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1990 ላይ ግን ከእስር ከወጡ ስድስት ወር ሳይሞላ፣ ድርድሩ መንገድ ሲይዝ፣ ድርጅቱ የትጥቅ ትግሉን አቆምኩ አለ። ቆመም። ከዚያ በኋላ በአገሪቱ ብዙ ደም ፈሷል፣ ግን ወታደሩ ለፖለቲካው ድርጅት ትእዛዝ ተገዝቷል። ከጠመንጃው በላይ የተቀመጠ፣ ራሱ ጠመንጃ ያልሆነ ነገር ነበር። ከዚያ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 27፣ 1994 ምርጫ መጣ።

የኛን 1966 ዓ.ም. አስቡት። ምክንያት አልጎደለም። ወሎ በረሃብ አልቋል፣ መንግሥት ደብቆታል። ጭሰኛው ካመረተው ሲሶውን፣ ሲብስም ግማሹን ለባለመሬት ያስረክባል። ታክሲ ነጂውም መምህሩም ተማሪውም ወታደሩም ተነሳ። ያ አብዮት ከታኅሣሡ ሙከራ ይልቅ በብዙ የሕዝብ ነበር። መፈክሩም «ኢትዮጵያ ትቅደም፣ ያለ ምንም ደም» ነው። መስከረም 2፣ 1967 ንጉሠ ነገሥቱ በቮልስዋገን ተወሰዱ፤ ጥይት አልተተኮሰም። ማንኛውም ፈላስፋ እስከዚች ቀን ድረስ ያለውን ወረቀት ቢያርም ጥሩ ውጤት የሚሰጥ ይመስለኛል።

ኅዳር 14 መጣ። ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ መሳፍንት፣ ጄኔራሎች፣ የደርግ ሊቀመንበር የነበሩት ጄኔራል አማን አንዶም ጭምር በአንድ ሌሊት አለቁ። «ስድሳዎቹ» እንላቸዋለን። ፍርድ ቤት አልቀረቡም። «ፖለቲካዊ ውሳኔ» ተባለ። ያቺን ሌሊት «በቃ» ሊል የሚችል ማን ነበር? ጠመንጃ የያዘው ኮሚቴና የሚወስነው ኮሚቴ አንድ ነው። ፓርላማው ተዘግቷል፣ ሕገ መንግሥቱ ታግዷል፣ የሲቪል መንግሥት ይቋቋም ያለው ተማሪና ሠራተኛ ዝም ተሰኝቷል። ንጉሥ አይከሰስ ያለውን አፍርሰን ደርግ አይከሰስ የሚል ሠራን። ሁለት ሦስት ዓመት ቆይቶ ቀይ ሽብር ደጃፋችን ሲደርስ፣ ሊያቆመው የሚችል ማንም አልነበረም።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ይኸው ደርግ የካቲት 25፣ 1967 የገጠር መሬትን የሕዝብ አድርጎ ጭሰኝነትን አስቀርቷል። ግርማሜ ወላይታ ላይ በትንሹ የሞከረው ነገር ነው። ሚሊዮኖች ጋ የደረሰ ለውጥ ነው፤ «ጉልቻ ቢለዋወጥ» ብሎ የሚታለፍ አይደለም። መሬቱን የሰጠውና ስድሳዎቹን የረሸነው አንድ እጅ ነው። አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም። «አብዮቱ ትክክል ነበር ወይ?» ስንባል በአንድ ቃል መመለስ የሚያቅተን ለዚህ ነው።

ኮሎኔል ታደሰስ ምን ሆኑ? ንጉሠ ነገሥቱን ከመፈንቅል ያዳኑት ሰው ጄኔራልም ሆኑ፣ የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር መሪም ሆኑ። በ1959 ዓ.ም. በመንግሥት ላይ አሢረሃል ተብለው ተያዙ። ሞት ተፈርዶባቸው ወደ እስራት ተለወጠላቸው። እንዳከሸፉት ሙከራ መሪዎች እሳቸውም አመፀኛ ተባሉ፣ ከሳሻቸውም ያው ያዳኑት መንግሥት። በ1966 አብዮቱ ከእስር አወጣቸው። ብዙም ሳይቆዩ በደርግ ላይ ሸፈቱ። የመሬት አዋጁ በወጣ በሳምንታት ውስጥ፣ መጋቢት 1967 ላይ፣ ደርግ ረሸናቸው። በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ የዚህን ጥያቄ ሁሉንም ወንበር ተቀምጠውበታል፦ አመፅ አክሻፊ፣ አመፀኛ አሠልጣኝ፣ በአመፅ ተከሳሽ፣ አመፀኛ።

ተማሪያቸው ረጅም ዕድሜ አገኙ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1998 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የእውነትና የእርቅ ኮሚሽን ሪፖርቱን ጨረሰ። አፓርታይድን በሰው ዘር ላይ የተፈጸመ ወንጀል አለው። የነፃነት ትግሉን ምክንያት ትክክል አለው። ከዚያ ግን የነፃነት ታጋዮቹም ሲቪል ገድለዋል፣ የራሳቸውን ሰዎች አሰቃይተዋል፣ ይህም ከባድ የመብት ጥሰት ነው ብሎ ጻፈ። መንግሥት የነበረው የማንዴላ ፓርቲ ተቆጣ። ትግላችንን ወንጀል አስመሰላችሁት ብሎ፣ ሪፖርቱ እንዳይወጣ ፍርድ ቤት ሄደ። ፍርድ ቤቱ አቤቱታውን አልተቀበለም። የኮሚሽኑ ሰብሳቢ ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ ደግሞ፣ አንዱን አምባገነን የታገልኩት በሌላ ለመተካት አይደለም ብለው በአደባባይ ተናገሩ።

በዚያው ቀን ፕሪቶሪያ ላይ ሪፖርቱን ከቱቱ እጅ የተቀበሉት ፕሬዚዳንቱ ነበሩ። ፓርቲያቸው ከሶ ተሸንፎ ሳለ፣ ከነጉድለቱ እቀበለዋለሁ አሉ።